የቤት ግብሩ ቅዳሜ

እናቴ ማንን እንደመረጠች ለአባቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። ቤታችንን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

በፈረንጆቹ 2015 መስከረም ላይ ኦስሎ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ደርሶባት ነበር። በዚያ ዓመት ትልልቆቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ቤት ግብር ነው። አንደኛው ወገን ካሸነፈ ቤት ያለው ሰው በየዓመቱ ለኮሙኑ፣ ማለትም ለከተማው አስተዳደር፣ ግብር ይከፍላል፤ በገንዘቡም ለሕፃናትና ለአረጋውያን የሚሆን ሥራ ይሠራል ይባላል። ሌላኛው ወገን አንድ ክሮነር አናስከፍልም ይላል። ዛሬ እንዲህ በሁለት መስመር እጽፈዋለሁ። ያን ጊዜ በጆሮዬ የገባው ግን «ቤታችንን ሊወስዱብን ነው» የሚል ነበር።

እንደዚያ ያለው አባቴ ነው። አባቴ መኩሪያ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ስለነበር ሰው ይሰማዋል። ትሮስተሩድ በሚባል የኦስሎ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው ቤት ከገዛን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ቤት ቀይረናል። አራት ጊዜ መጫወቻዬን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬአለሁ። ትሮስተሩድ የገባን ቀን አባቴ በባዶ ክፍሎቹ ውስጥ እየዞረ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «ይሄ የኛ ነው። ይሄም የኛ ነው» ይል ነበር። እኔም ከኋላው እየተከተልኩ እመታ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ነው ሊወስዱብን የነበረው።

እናቴ ተናኜ በየሰዉ ቤት እየዞረች አረጋውያንን የምትረዳ ሠራተኛ ነበረች። መድኃኒት ትሰጣለች፣ ምግብ ታሞቃለች፣ ያበጠ እግር ላይ ጠባብ ካልሲ ታጠልቃለች። ማታ ስትገባ ጣቶቿ ቀልተው ነበር። «የዛሬዎቹ ካልሲዎች ጨረሱኝ» ትላለች። ካልሲ እንዴት ሰው እንደሚጨርስ አይገባኝም ነበር።

ከምትረዳቸው ሰዎች አንዱን እኔም አውቃቸዋለሁ። አቦይ ገረዝጊሄር ይባላሉ፤ ኤርትራዊ ናቸው፣ ከእኛ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ቤታችንን ስንገዛ የሳሎኑን መጋረጃ የሰፉልን እሳቸው ናቸው፤ አባቴ ሊከፍላቸው ሲል እጁን መልሰው ኪሱ ውስጥ ከተቱበት። በኋላ ግራ ጎናቸውን አሟቸው እግራቸው ሰነፈ። እናቴ ወደ እሳቸው የምትሄድበትን ቀን አውቅ ነበር፤ ስትመለስ የምትዘምረው መዝሙር ይለያል። ሴት ልጃቸው ፉርቱና ሮምሶስ በሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ውስጥ ከሕፃናት ጋር ትሠራለች፤ እሷም እንደኛ ቤት ገዝታለች።

ከምርጫው ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ አባቴ ቤት የገዙ ሐበሾችን ሁሉ ጠራ። ሃያ ሰው ይመጣል ተባለ። የአራት መቀመጫ ሶፋችን አንሶ ከጎረቤት ወንበር ስሰበስብ ዋልኩ። አባቴ ትልቅ ካርቶን ላይ በኖርዌጅኛ «ኤየንዶምስካት»፣ የቤት ግብር፣ ብሎ ጻፈና በላዩ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ የኤክስ ምልክት አደረገበት። ሐሙስ ዕለት ለእናቴ ነግሯታል።

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንድትደርሺ። ሰው ባዶ አፉን አይሄድም።»

«ሄልጉን እኮ ቫክት ነኝ፣ መኩሪያ» አለችው። ቫክት የሥራ ተራ ነው፤ ሄልግ የምንለው ቅዳሜና እሁድን። «ስጨርስ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን አባቴ ካርቶኑን ለመስቀል ወንበር ላይ እንደቆመ፣ «እስቲ ለእናትሽ ደውዪ፤ የት እንደደረሰች ጠይቂያት» አለኝ። ደወልኩ። ደረጃ እየወጣች ነበር፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አንድ ቤት ቀርቶኛል የኔ እናት። አቦይ ጋ ገብቼ እመጣለሁ።»

ሳምቡሳው አልተጠበሰም ነበር። ሊጡን አብሬያት ማጠፍ ፈልጌአለሁ፤ ሰው ከመጣ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሴቶቹ ገብተው እኔን ከወጥ ቤት እንደሚያስወጡኝ አውቃለሁ። ስለዚህ፣ «አባዬ በጣም ተቆጥቷል፤ አሁኑኑ ትምጣ ብሏል» አልኳት። አባቴ እንዲህ አላለም። ወንበሩ ላይ ቆሞ እያፏጨ ነበር።

የእግሯ ድምፅ ቆመ። ደረጃው ላይ ቆማ ይመስለኛል። ከዚያ «እሺ፤ መጣሁ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ይህንን ውሸቴን ለእናቴ የነገርኳት ባለፈው ዓመት ነው። ነርስነት መማር ጀምሬ፣ እኔም እንደሷ በየቤቱ የምዞርበት የልምምድ ሳምንት ነበር። «አንቺ ባትይኝም እመጣ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ይሁን ወይም እኔን ልታሳርፈኝ ብላ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ዘይት ጣደች። ሳምቡሳውን አብረን አጠፍን፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ቤቱ ሞላ። ጫማ ከመተላለፊያው አልፎ ደረጃው ላይ ተደረደረ። አባቴ ሃያ ሰው ፊት ቆሞ እንዲህ ሲናገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

«ዋጋው አራት ሚሊዮን ያልሞላ ቤት አይነካም ይላሉ» አለ። «ዛሬ ነዋ! ነገ ሦስት ቢሉህስ? ከነገ ወዲያ አንድ ቢሉህስ? እኔ ይህን ቤት ያገኘሁት የሌሊት አውቶቡስ እየነዳሁ ነው። ከእጄ ላይ ማንም እንዲሸርፍብኝ አልፈልግም።»

ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ፉርቱና ሶፋው ጥግ ላይ የወረቀት ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እናቴ ትሪ ይዛ ስታልፍ እጇን ያዘቻት።

«አቦይ እንዴት ዋለ? ዛሬ ገብተሻል አይደል?»

እናቴ ትሪውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «ደህና ናቸው። በልተው ጋደም ብለዋል።»

«ተመስገን። እንግዲያ ሳልቀሰቅሰው ነገ እመጣለሁ» አለች ፉርቱና፤ ሳምቡሳ አንስታም ነከሰች። ትኩስ ስለነበር አፏን በእጇ እያራገበች ሳቀች። ያንን ሳቋን ዛሬም አልረሳውም።

በማግስቱ እሁድ እናቴ ሥራ ገባች። እኔና አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መተላለፊያው ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ጃኬቷን አላወለቀችም፤ ጫማዋንም አላወለቀችም። ቤታችን ውስጥ በጫማ የገባ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር እግሮቿን ነበር የማየው። አባቴ ተንበረከከና ትከሻዋን ያዘ።

«አቦይ ሞቱ» አለችው።

«ምን? ምን ሆነው?»

«ወጥ ቤት ወድቀው አገኘኋቸው።»

«መቼ ነው የወደቁት?»

«አላውቅም» አለች። «አላውቅም» ብላ ደጋገመችው። አባቴ አቅፏት አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። ቀኝ እጇ ተጨብጦ ነበር፤ በጣቶቿ መሃል ሰማያዊ ፕላስቲክ የተንጠለጠለበት ቁልፍ ይታየኛል። የቤታችን ቁልፍ እንደዚያ አልነበረም።

ቁልፉን ማክሰኞ ዕለት ከጃኬቷ ኪስ አወጣሁት። ሰማያዊው ፕላስቲክ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። በራችን ላይ ሞከርኩት፤ አልዞር አለ። ከታች ያለው የመጋዘን በር ላይም ሞከርኩት። መልሼ ኪሷ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ ሌላ ቤት አላት ብዬ አሰብኩ።

ረቡዕ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃ ከፍታ፣ ከጓደኛዋ ከማዕዶት ጋር በስልክ ስታወራ በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁ። ውኃው ግማሹን ይውጠዋል። «...እተወዋለሁ። ከዚህ በኋላ እዚያ መቆየት አልችልም... ለመኩሪያ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?... ልጅቷን ሳያት...»

የምትተወው ሥራዋን ነበር። ልጅቷ የተባለችውም ፉርቱና ናት። እኔ ግን በቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ የምትተወው ቤታችንን፣ ልታየኝ የማትፈልገውም እኔን መሰለኝ። ያን ዕለት እራት ላይ ስታጎርሰኝ አፌን አልከፍት አልኩ። እሷም ልብ አላለችም።

አርብ ቀብሩ ነበር። ዝናብ ያካፋል። አፈር ሲለብስ ፉርቱና ከዘመዶቿ መሃል ወጥታ እናቴ ላይ ተጠመጠመች።

«በመጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። «ቅዳሜ ምን አለሽ? የተናገረው ነገር አለ?»

የእናቴን ፊት ከታች ሆኜ አየዋለሁ። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ፉርቱናን ሰላም በያት አሉኝ» አለች።

ፉርቱና እንደ ሕፃን ልጅ ጮኻ አለቀሰች። በዙሪያዋ የነበሩ ሴቶችም አለቀሱ። እኔ አቦይ ሰላምታ ልከው ስለሞቱ ደስ አለኝ።

የምርጫው ቀን ሰኞ ነበር። ድምፅ የሚሰጠው እኔ ትምህርት ቤት ጂም አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ገመድ የምንወጣበት ቦታ ላይ መጋረጃ ያላቸው ትንንሽ ጎጆዎች ተተክለዋል። አባቴ ጠዋት ከሥራ በፊት መርጦ ሄዷል። እናቴ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጠብቃኝ አብረን ገባን። እጇ እንደ በረዶ ነበር። «እዚህ ቁሚ» ብላኝ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። እኔ ግን በስተጎን አየኋት። የየፓርቲው ወረቀት በመደብ በመደብ ተደርድሯል። አባቴ ማቀዝቀዣው ላይ በለጠፈው ወረቀት የትኛውን እንደሰረዘ በደንብ አውቃለሁ፤ በቀይ ሁለት ጊዜ የሰረዘው እሱን ብቻ ነው። እናቴ እጇን ሰዳ ያንን አነሳች። አጠፈችው። በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛው ትንሽ ቆመች፤ እየጸለየች ይመስላል። ከዚያ ወጥታ ማኅተም አስመታችበትና ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ቤት ስንሄድ እጇን አልያዝኩም። አሁን ሁሉም ነገር ገብቶኛል። ሌላ ቤት አላት፤ ይህኛውን እንዲወስዱት መርጣለች።

በማግስቱ ግብሩን የሚደግፉት እንዳሸነፉ ተሰማ። አባቴ ዕረፍቱ ስለነበር ቤት ነው የዋለው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፉርቱና መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። እናቴ በሩን ስትከፍትላት ወደ ኋላ አለች። ሳሎን ተቀምጠው አባቴ ውኃ አመጣላት። ከቦርሳዋ ትንሽ ሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

«የእናቴ ጉትቻ ነው» አለች። «አቦይ ከአልጋው ራስጌ ነበር የሚያስቀምጠው። ‹ይሄ ለተናኜ ነው፤ ሁለተኛ ልጄ ናት› ይለኝ ነበር። ተናኜ፣ እኔ እኮ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምመጣው። አባቴን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ።»

እናቴ ሳጥኑን አልነካችውም። «አልቀበልም።»

«እንዴት?»

«አይገባኝም ፉርቱና። መልሰሽ ውሰጂው።»

«ተቀበያት እንጂ፤ ሐዘንተኛ ናት» አለ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አባቴ ወሬ መቀየር ፈለገ። ጋዜጣውን አነሳና ሳቅ እያለ፣ «ይልቅ እስቲ ንገሪኝ ፉርቱና፤ እንዲህ ያደረገን የኛ ሰው ነው እንዴ? እዚህ ቤት ተቀምጦ ሳምቡሳችንን የበላ ሰው መርጧቸው ይሆን?» አለ።

እናቴን አየኋት። ልትነሳ ነው ብዬ አሰብኩ። ጃኬቷን ለብሳ፣ ያንን ቁልፍ ይዛ ልትሄድብን ነው። አሁን ካልተናገርኩ አባቴ እስከ መጨረሻው አያውቅም።

«እማዬ ናት» አልኩ። «አይቻታለሁ። የሰረዝከውን ነው ያነሳችው።»

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እናቴን አየና ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ተናኜ?»

«ያ» አለች፤ ሲጨንቃት አዎና አይ የምትለው በኖርዌጅኛ ነው። «እኔ ነኝ።»

«በገዛ ቤትሽ ላይ?»

ተነስታ ወደ መተላለፊያው ሄደች። ይኸው ልትሄድ ነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ግን ተመለሰች። ሰማያዊ ፕላስቲክ ያለበትን ቁልፍ ከጉትቻው ሳጥን አጠገብ አስቀመጠችው።

«ፉርቱና» አለች፤ ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «ይሄ የአቦይ ቁልፍ ነው። ቅዳሜ አልከፈትኩበትም።»

«የቱ ቅዳሜ?»

«የስብሰባው ዕለት። አልገባሁም። ደረጃው ላይ ደርሼ ተመለስኩ።»

ፉርቱና የሰማችው ነገር ገና አልገባትም። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ገብቻለሁ ብለሽኝ የለ እንዴ?»

«ዋሸሁሽ። አንድ ሠራተኛ ታሞ ቀርቶ የሱ ቤቶች ለእኔ ተጨመሩ፤ አሥራ ዘጠኝ ቤት ሆነብኝ። የመጨረሻው አቦይ ነበሩ። ከሰው ሁሉ የማይቀየሙኝ እሳቸው ናቸው፣ ነገ እክሳቸዋለሁ አልኩ። የሥራ ስልኬ ላይ ‹ገብቻለሁ› የሚለውን ነካሁ። እሁድ የመጣው ዶክተር የወደቁት ቅዳሜ ጠዋት ይመስላል፣ የሞቱት ግን ማታ ነው አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፉርቱና። ስምንት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ።»

«ተናኜ፣ ተይ፤ ዝም በይ» አለ አባቴ። እየለመናት ነበር።

«ናይ። አሥር ቀን ዝም አልኩ።»

ፉርቱና የተቀመጠችበትን ሶፋ በመዳፏ ዳበሰችው። «እዚህ ነበርኩ» አለች። «እዚሁ ተቀምጬ ነበር። ጠየቅኩሽ። በልተው ጋደም ብለዋል አልሽኝ።»

«ያ።»

«በቀብሩም ጠየቅኩሽ።»

እናቴ ዓይኗን ከሷ ላይ አላነሳችም። «እሱንም ዋሸሁሽ። ምንም አላሉኝም።»

አባቴ ጋዜጣውን እንደያዘ ነበር፤ እጁ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

«ቶሎ ነይ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ወደ አንተ አልጥለውም መኩሪያ። ቁልፉ የነበረው እኔ እጅ ነው።»

«ታዲያ ምርጫውን ምን አገናኘው?» አለ። ቁጣ አልነበረም፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነበር የሚጠይቀው።

«ለሄልጉ አንድ ሰው ቢጨምሩልን ብዬ ነው። ይጨምሩ አይጨምሩ አላውቅም። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልታየኝም።»

ፉርቱና ተነሳች። ሳጥኑን አነሳች፤ ቁልፉንም አነሳች። በሩ ጋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ልታስር ስትሞክር ጣቶቿ እምቢ አሏት፤ ክሩን እንደተፈታ ትታ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ሰማናት። ሁለት ጊዜ ቆመች። ከዚያ የታችኛው በር ተዘጋ።

እኔ እናቴን ቀሚሷን ያዝኳት። «ታዲያ ቤቱን አይወስዱብንም?» አልኳት።



በማግስቱ እናቴ ራሷ መሥሪያ ቤቷ ሄዳ ያደረገችውን ተናገረች፤ በጽሑፍም ሰጠች። ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ከሥራው ወጣች። ኦከርን አካባቢ የአንድ ሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቦታ ገብታ ሁለት ዓመት ሠራች። በቤተ ክርስቲያን አንዳንዶቹ መጥተው አብረዋት ጸለዩ። አንዳንዶቹ ደግሞ እኛ ወደተቀመጥንበት ረድፍ መምጣት አቆሙ። «ምን አስለፈለፋት? ለማን ይጠቅማል?» ሲሉም ሰምቻለሁ። አባቴ ስለ ግብር ማውራት ተወ። ካርቶኑን ቀዳዶ ሲያወርድ አየሁት፤ እኔን ሲያይ ደንግጦ ወደ ኋላው ደበቀው።

በሚቀጥለው ዓመት የቤት ግብሩ ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ወጣ። አባቴ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አድራሻችንን ፈለገ። እኔ ከጎኑ የቤት ሥራ እሠራ ነበር። የሚከፈለው ግብር በሚለው ረድፍ ላይ ዜሮ ይላል። የቤታችን ዋጋ ግብሩ ከሚጀምርበት በጣም ዝቅ ያለ ነበር። የጎረቤቶቻችንን ፈለገ፤ ዜሮ። ሮምሶስ የፉርቱናን ፈለገ፤ እሱም ዜሮ። በዚያ ቅዳሜ ቤታችን ከመጡት ሃያ ሰዎች አንድም የሚከፍል አልነበረም። አባቴ አንዱን ስም ከሌላው በኋላ እየጻፈ ሁሉንም አያቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሳይዘጋ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ሲያስመልሰው ሰማሁ።

ፉርቱና የመጣችው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው፤ ከአሥራ አራት ወር በኋላ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከስታለች፤ ፀጉሯ ከፊት ለፊት ነጭ ሆኗል። «እናትሽ አለች?» አለችኝ። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ስታያት እጇን ግድግዳው ላይ አደረገች።

«አልገባም» አለች ፉርቱና። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አቦይን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ሌላ የማውቀው ያየው ሰው የለም። እንዴት ነበር የተኛው?»

እናቴ ነገረቻት። በግራ ጎናቸው እንደነበሩ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ስበው ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉት፣ ዓይናቸው እንደተከደነ፣ አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል የነበረባቸው የአደጋ ጥሪ ደወል መታጠቢያ ቤት ተሰቅሎ እንደነበር። ምንም አላስቀረችም። ፉርቱና ቆማ ሰማች።

«ከታች የምትኖረውን ኖርዌጃዊት ታውቂያታለሽ?» አለች ከዚያ። «ዕቃውን ሳወጣ ነገረችኝ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ወለሉን ሲያንኳኳ ሰምታለች። የሚጠግን ሰው መስሏታል። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ ነው።»

እናቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። ይህን አታውቅም ነበር።

«ስብሰባው ያለቀው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው» አለች ፉርቱና። ድምፅዋ እኩል ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ የተለማመደችው ይመስላል። «ወደ ባቡሩ ስሄድ በሕንፃው ሥር አለፍኩ። ቀና ብዬ አየሁ። መጋረጃው ተዘግቷል። ለካ ጠዋትም አልከፈተውም። ተኝቷል አልኩ፤ ጋደም ብለዋል ብለሽኝ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ እኮ ነው። ቁልፍ ነበረኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ባቡሩ ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ስለነበር ሮጥኩ።»

እናቴ በግድግዳው ላይ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፉርቱናም ከነካፖርቷ፣ ከነጫማዋ ገባችና ጎኗ ቁጭ አለች።

«እንድትሰቃዪ ብዬ አይደለም የነገርኩሽ» አለቻት። «ብቻዬን ከብዶኝ ነው። ለማን እነግረዋለሁ?»

ፉርቱና አላቀፈቻትም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለቻትም። ትከሻና ትከሻቸው ብቻ ተነካክቶ ነበር። እኔ የክፍሌን በር ይዤ ቆሜ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል።

አባቴ ከሥራ ገባ። የሾፌር ልብሱን እንደለበሰ፣ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆመ። ሁለቱን ወለሉ ላይ አያቸው፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ምን ሆነው ነው? ስለ ቤቱ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ስለ ቤቱ አይደለም፣ አባዬ» አልኩት።

ቦርሳውን አወረደ። ከእነሱ ፊት ለፊት፣ በጫማዎቹ መሃል፣ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።